ጥያቄ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ

ሞላሌ በማታ፣ መብራት በሌለበት፣
በሻማ አርማለሁ የስምንተኛን ወረቀት።
ነፋሱ ቆርቆሮ ሲነቅል ያመሻል፣
ጉልበቴ ላይ ባና፣ ጣቴን ቀይ ነክቶታል።

ጥያቄ አሥራ ዘጠኝ፣ የያዘው አምስት ነጥብ፦
«ኬንያ ውስጥ፣ በእንግሊዝ ላይ፣ የተነሣው ሕዝብ፣
ማውማው የተባለው፣ ጫካ ገብቶ ጦሩ፣
ለምን ሳይሳካ ቀረ? ምክንያቱን ዘርዝሩ።»

የማረሚያው ቁልፍ አጭር ነው፤ እኔው ነኝ ያወጣሁት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳልለውጥ የያዝኩት፦
የመሣሪያ ማነስ።
የስንቅ መቋረጥ።
ክፍፍል።
(አንዳንዱ «ክፍልፋይ» ብሎ ይጽፋል፣
ሒሳብ መስሎት። እሰጠዋለሁ፤ ያልፋል።)

አርባ ሦስት ወረቀት አንድ ዓይነት መልስ አየሁ፣
አርባ አራተኛው ላይ ግን እስክሪብቶዬን አቆምኩ።

እታገኝ ወንድይፍራው።
በካርቶን ከተደፈነው መስኮት ሥር የምትቀመጠው፣
ስጠይቅ ጣቷን የማታወጣው፤
ጣቷ ሱፍ መፍተል ለምዷል፣ ክር ነው የሚያወጣው።

«ቲቸር፣ በመጽሐፉ ያለውን አውቀዋለሁ።
ግን ሌላም አለ፣ እሱን እጽፋለሁ።
እነሱም ዘንድ ሴቶች ነበሩ ስንቅ የሚያደርሱ፣
ሌሊት በቅርጫት ጫካ የሚመላለሱ።
እንግሊዝ መንደሩን በቦይና በሽቦ ሲከብብ፣
የቆመው የእናት እግር ነው፤ አልቆመም ልብ።

እኛም ዘንድ በጣልያን ጊዜ፣ ከጓሳው ሥር ካለው ገደል፣
ዋሻ ነበራቸው። ቅድመ አያቴ በገመድ ጠልጠል
እያለች፣ በሶውን ከባናዋ ሥር ደብቃ፣
ትወርድ ነበር አሉ፣ ውርጩ ሳይለቅ፣ ገና ሳይነጋ።
ዘጠኝ ወር አልተገኙም።

ከዚያ አንድ ጎረቤት፣
ያውም አብሯቸው የማለ፣ የመጀመሪያውን ጥይት
ከገዛ ወገቡ ፈትቶ የሰጠ ሰው፣
ጣቱን ዘረጋና ጭሳቸውን አሳየው።
ብር አልተቀበለም። ርስትም አልጠየቀ።
የሰባት ዓመት ልጁን ከምሽጉ አስረውበት ነበር፤
ልጁን ተረከበ፣ አዝሎ ወጣ በበር።
ከዋሻው አሥራ አንድ ሰው ወጣ።
በእግሩ የወጣ የለም።

ስለዚህ አመፅ የሚከሽፈው ክፉ ሰው ስለበዛ አይመስለኝም።
አባት ስለበዛ ነው።
ያም ሰው ስሙ                    ይባላል።»

እዚህ ላይ ክፍት ትታለች፣
አንድ ስም የሚያህል፤
በማስመሪያ ለክታ የተወችው ይመስል።

ስሙን አውቀዋለሁ።
መታወቂያዬ ላይ ሦስተኛው ነው፣
የቀበሌው ማኅተም ግማሹን የበላው።
ከምሽግ በጀርባ የወጣው ያ ልጅ
አድጎ፣ ሚስት አግብቶ፣ እኔን ወለደ።
ከጓሳ በኩል ነፋስ ሲመጣ
ፊቱን እያዞረ አረጀ፣ ሄደ።
ጭስ ባየ ቁጥር ተነሥቶ በር ይዘጋ ነበር፤
«ብርዱ ነው» ትል ነበር እናቴ። እኛም ብርዱ ነው እንል ነበር።

ሠላሳ ዓመት «ክፍፍል» እያልኩ ያስተማርኩት፣
አያቴን ነው ለካ በአንድ ቃል የቀበርኩት።
ያ ሰው ጣቱን ባያነሣ፣ ይህች ሻማ አትበራም፤
ይህን ቀይ እስክሪብቶ የሚይዝ እጅም አይኖርም።
ይህን ከየትኛው ነጥብ ላይ እቀንሳለሁ?

ቁልፉ ሦስት ይላል፣ እሷ አንድ ነው የጻፈች።
ከአምስት አራት ሰጠሁ።
ነገ ጠዋት ጠረጴዛዬ ድረስ ትመጣለች፣
«ቲቸር፣ ምን ጎደለ?» ትላለች።
ክፍቱን ቦታ አሳያታለሁ።
ታውቅ ይሆን? አውቃ ይሆን ለእኔ ያተረፈችው?
እስክሪብቶውን ለእሷ ልስጥ፣ ወይስ እኔ ልጻፈው?

አሥራ ሁለት ወረቀት ይቀረኛል።
ሻማው ተንሰፈሰፈ፣ አለቀ።
ጭሱ በጨለማው ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ሽታው ታወቀ።
ተነሥቼ በር ዘጋሁ።